እህቴ ጋ ውርጭ ያስቸገረው ቡገንቪላ

አትክልት ማሳደግ ማንም አላስተማረኝም። የማውቃትን ያህል ያስተማረኝ አጥሬ ላይ የወጣው ቡገንቪላ ነው። ዝንጣፊውን የሰጠችኝ ደጋ የምትኖረው እህቴ ናት። «እኔ ጋ ውርጩ በየዓመቱ ያቃጥልብኛል፤ አንቺ ሞያሌ ውሰጂው፣ እዚያ ብርድ የለም» አለችኝ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ድንበር አሻግሬ ኬንያ በኩል ወዳለው የሞያሌ ቤቴ አመጣሁት።

ብርድስ የለም። ውሃም የለም እንጂ! እዚህ ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በጄሪካን ነው የሚመጣው። እኔ ግን ሩዝ ያጠብኩበትን፣ ልጆች የታጠቡበትን ሳይቀር አፈስለት ነበር። የተጠማ አይቼ የማልፍ ሴት አይደለሁም። አደገልኝ፤ አጥሩን አልፎ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። አበባ ግን አንዲት እንኳ!

ከጎልቦ ቆላ የግመል ወተት የምታመጣልን ሴትዮ በር ላይ ቆማ ትስቅብኛለች። «ማማ፣ ዛሬም ቅጠል ብቻ? ለፍየሎቼ ስጪኝና ተገላገይ!»

ባለቤቴ ደግሞ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ገዛ። የጣሪያው ውሃ የሚወርደው በሐረጉ ጥግ ስለሆነ፣ ሮቶውን እዚያው ሊተክል ፈለገ። «ዝናቡ ሳይመጣ ካላበበ በፓንጋ እቆርጠዋለሁ» አለኝ፤ ፓንጋ የሚለው ገጀራውን ነው።

«ያብባል!» አልኩት። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ከዚያ ድርቁ ጠና፤ ጋሪዎቹም ጠፉ። ያለችው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ሆነች፤ ሩዙም ሳይታጠብ ድስት ገባ። ለሐረጉ ጠብታ አጣሁ። ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው። ቅጠሉ ተኮማተረ፤ ከፊሉም ረገፈ። ባለቤቴ ፓንጋውን ስሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

አንድ ጠዋት ወተት ሻጯ ከመንገድ ጮኸች፤ «ማማ! ነይ ውጪ፣ አጥርሽ ተቃጠለ!»

ባልዲ ይዤ ሮጥኩ፤ ባዶ ባልዲ! በመንገዱ በኩል ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኗል። እሳት ግን አይደለም፤ አበባ ነው። እሷ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ለካ ይሄ ሐረግ ጠግቦ አያብብም፣ ሲጠማ ነው!

ባለቤቴ ፓንጋውን ይዞ ወጣ፤ ቆሞ አየ፣ አየ። «ሮቶው በኩሽናው በኩልም ይሆናል» አለና አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለወተት ሻጯ ሰጣት።

«ፍየሎቼ ሳያዩት ልሩጥ» አለች።

ዛሬ ቤታችን የት እንደሆነ በስልክ ለሚጠይቅ ሰው ባለቤቴ «አበባዬን ስታይ ቁም» ይላል። እኔም ከኩሽና ሆኜ «የሚስቴን አበባ በል!» እለዋለሁ።