የሎቪና ፊርማ

ፖስታ ቤቱን በያዝኩበት ዘመን እንደ ሎቪና ያሰለቸኝ ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ ወፍራም ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች፤ ሁሉም ዋሽንግተን ላለው የወረዳችን እንደራሴ ለሚስተር ሃልሲ ነው።

«አንቺ ሴት፣ ሚስቱ እንኳ ይህን ያህል አትጽፍለትም!» እላታለሁ።

«የእሷማ ባል በሕይወት አለ» ትለኛለች።

የሎቪና ባል የሞተው አሜሪካችን ሰሜንና ደቡብ ተከፍላ እርስ በርስ በተዋጋችበት ጦርነት ነው። ያኔ ዘማቾቹ ሻምበላቸውን ራሳቸው እጅ እያወጡ ነበር የሚመርጡት። የእኛዎቹ ጉዶች ታዲያ ባለመሸታ ቤቱን ባርናባስን መረጡ። ለምን? ሰው ያስቃላ! መጀመሪያ እጁን ያወጣውም የሎቪና ባል ነበር። ባርናባስ ካርታ ማንበብ አያውቅም፤ መንገድ ስቶ ጠላት መድፍ የጠመደበት ሜዳ ላይ ይዟቸው ገባ። እሱ ተመለሰ፣ እነሱ እዚያው ቀሩ።

ሎቪና ባርናባስን አንድ ቀን እንኳ ሰድባው አታውቅም። ነጋ ጠባ የምትለው «ያልተማረ ሰው ወታደር አይምራ» ነው። ሃልሲ በምክር ቤቱ ስለ ጦር ጉዳይ ከሚመክሩት አንዱ ስለሆነ ሳይታክት ይመልስላታል። እሷም መልሱን እራት ላይ ለልጇ ለኦሪን ታነብለታለች። ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ ማን አላትና! ልጅ ደግሞ የማይሰማ እየመሰለ ይሰማል።

አንድ ቀን ሃልሲ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ወደ መኮንኖች ትምህርት ቤት ከወረዳው የሚላከው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ለዚህ ቦታ ብዙዎች ተፈትነው ኦሪን አንደኛ ወጥቷል፤ እናቱ ፈቅዳ ካልፈረመች ግን አይሄድም። ለካ ልጁ ሳይነግራት ተፈትኖ ኖሯል!

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አፈጠጠችበት። ኦሪን አጠገቧ ቆሟል።

«አልፈርምም» አለች። «አባትህን ሰጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

«እማዬ፣ መኮንን ይማር ስትዪ የማን ልጅ እንዲሄድ ነበር ያሰብሽው?»

ሎቪና ልጇን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ብዕሩን አንስታ ፈረመች።

«በገዛ አፌ ቤቴን ባዶ አደረግሁት» አለችኝ፣ ኦሪን የሄደ ዕለት።

ለሃልሲ መጻፉን ተወችው። ኦሪንም ትምህርቱ ፋታ ስለማይሰጠው የሚጽፈው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ግን በየቀኑ ትመጣለች።

«ዛሬም የለም፣ ሎቪና።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ በዚህ ብርድ ምን አመጣሽ፣ አንቺ ግትር!»

«እቤትማ ‹የለም› የሚለኝ ሰው እንኳ የለ» አለችኝ።