ድምፁ የጠፋው መስኮት

ላምፓዲዮስ አፉን ዘግቶ ማንበብ አይሆንለትም። በጣሊያኗ ከተማ በራቬና ሁሉም ሰው ሲያነብ ድምፁን ያሰማል፤ የእሱ ግን ይብሳል። የግሪኩን ዐረፍተ ነገር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ ይጮኸዋል፤ ጆሮው ሲጠግብ ወደ ላቲን መልሶ ሰም በተቀባው ሰሌዳ ላይ ይጭረዋል። ከቆጵሮስ የመጣች ሞግዚቱ ቋንቋውን በልጅነቱ ካስተማረችው ጀምሮ ኑሮው ይኸው ነው። አሁን ሳይተረጎም የቀረው ስለ ነፍስ የሚናገረው መጽሐፍ መጨረሻ ብቻ ነበር።

ዘመኑ ግን ከፋ። አገሩን የሚገዛው የጎቶቹ ንጉሥ ባሕር ማዶ ያለውን የግሪኮች ንጉሠ ነገሥት መጠርጠር ከጀመረ ወዲህ፣ ግሪክኛ የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ይዳብሳል። ከመንገዱ ማዶ ይኖር የነበረው የግሪክኛ መምህር በጠራራ ፀሐይ ተወስዶ አልተመለሰም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ልብስ አጣቢው ኡርሱስ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ከግሪኮቹ ጋር ነዎት?»

«ከሞቱት ጋር ነኝ። ሙት ምን ያደርገኛል?»

«ይህን ለወታደሮቹ ይንገሯቸዋ! አለቃቸው ጉንዲላ ‹ያ ሽማግሌ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?› ብሎኛል። ‹ከራሱ ጋር፣ ትንሽ ነካ ያደርገዋል› አልኩት። ደግነቱ ሳቀ።»

የላምፓዲዮስ ሚስት ሩስቲካ ግን አልሳቀችም። «በሞቴ፣ አፍህን ዘግተህ አንብብ» አለችው።

«ሳያኝኩ መዋጥ እኮ ነው!»

«ታንቀህም ቢሆን ዋጠው። በስተርጅናዬ መበለት አታድርገኝ።»

እሺ አላት፤ መስኮቱንም ዘጋ። ሥራው እንደ ኤሊ ሄደ፤ ሩስቲካ ግን ቤቱ ጸጥ ሲልላት ተመስገን አለች። ምነው መስኮቱን ሲዘጉ ከልካይ በኖራቸው!

ኡርሱስ እንደገና የመጣው በጓሮ በር ነው፤ ዓይናቸውን ማየት ተስኖታል።

«ምነው መስኮቱን ዘጋችሁት? ጉንዲላ ‹ድሮ የሚለው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አሁን ምን ቢደብቅ ነው ዝም ያለው?› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?» አለች ሩስቲካ።

«ምን ልበለው እትዬ? እኔም ድምፃቸውን ከሰማሁ ቆየሁ።»

ኡርሱስ ሲሄድ ላምፓዲዮስ ተነሥቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ የቀረውንም እንደ ድሮው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሩስቲካ ግሪክኛ አታውቅም፤ ድምፁ ግን ናፍቋት ነበርና አጠገቡ ተቀመጠች። ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ሲቀረው በሩ ተደበደበ። ላምፓዲዮስ መጽሐፉን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«አንተ አንብብ» አለችው ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «እኔ እከፍታለሁ።»