የምትንገጫገጨው የሙሽራ መኪና

ድሬዳዋ፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ

ከአልጋ ቤት የወጣሁት ወያላዎቹ ሐረር፣ ሐረር እያሉ መጣራት ሲጀምሩ ነው። ትናንት ከአዳማ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስንገላታ ስለዋልኩ ወገቤ ተቆርጧል። አዳማ የተማሪዎች ሰርቪስ እነዳለሁ። ዓመቱን ሙሉ መሪ ጨብጬ ከርሜ፣ ዕረፍቴን ደግሞ መኪና ልጠግንበት ነው። እንዲህ ያለ ዕረፍት ለጠላቴም አልመኝም።

ሐረር ያሉት አባቴ አሮጌ ጀርመን ሠራሽ መኪና አላቸው። አውቶማቲክ ናት። እኔ ሳልወለድ የተገዛች ስትሆን፣ የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ያለ ኪራይ ስታጓጉዝ ኖራለች። አሁን ግን ማርሽ ስትቀይር ሰው ከወንበሩ ትወረውራለች። ወንድሞቼ ለመለዋወጫ የሚፈልጋት ገዢ አግኝተው ሰኞ እንዲወስዳት ተስማምተዋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ የአባቴን በር የሚያንኳኳው ሰው ግን አብዛኛው በዚህች መኪና ሰበብ ነው። እሷ ከሄደች ማን ይመጣል? ስለዚህ ከሰኞ በፊት ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። በቦርሳዬ ከልብሴ ጋር ለካምቢዮዋ፣ ለማርሽ ሳጥኗ፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ዘይት ይዣለሁ።

ደንገጎ፣ አወዳይ

ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ከታች የድሬዳዋ ሙቀት፣ ከላይ ጉምና ብርድ፣ መሀል ላይ የተሳፋሪው ሁሉ ሳል። ጎማው ላይ ያለው ወንበር ነው የደረሰኝ። ሹፌሩ የምሄድበትን ጉዳይ ሲሰማ በመስታወቱ አየኝ።

"አውቶማቲክ? ለዚህ ዳገት?" አለ። "አቦ እህቴ፣ ሽጧትና ተገላገሉ። አውቶማቲክ አንዴ ከታመመ መዳኛ የለውም።"

ሐረማያን እንቅልፍ ወስዶኝ አለፍኩት። የነቃሁት አወዳይ ላይ ነው። አስፋልቱ በጫት ገለባ ተሸፍኗል፤ ሴቶች የጫት እስር ተሸክመው በመኪኖች መሀል ይሽሎከለካሉ፤ ጥሩምባ፣ ጭቅጭቅ፣ የፒክአፕ ጩኸት። ሹፌሩ አንድ እስር በመስኮት ተቀብሎ ጉዞው ቀጠለ።

ሐረር፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ

አባቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል። ሻይ ሳልጠጣ ወደ መኪናዋ መሩኝ።

"ስትነሳ ደህና ናት" አሉ። "ከሞቀች በኋላ ነው የምታብደው። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም፤ ከዚያ ድንገት ትደነብራለች።"

"እሑድ ሰርግ አለባት አይደል?"

"ሙሽራዋ የአብዱላሂ የልጅ ልጅ ናት። ቃል ሰጥቻለሁ።"

እኛ በአክብሮት አው የምንላቸው አብዱላሂ ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የአባቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። አባቴ ደግሞ ቃል የሰጡትን ከሚያጥፉ ጥርሳቸውን ቢያስነቅሉ ይመርጣሉ።

አውቶማቲክ ላይ ብዙም አላውቅም፤ ዘይት ከጎደለበት እንደሚንገጫገጭ ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሳልለካ ሳላጣራ፣ ያመጣሁትን ዘይት ገለበጥኩት። አባቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ተውት። ደክሟቸው መሰለኝ።

ፈረስ መጋላ

በሸዋ በር ገብተን ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። መጀመሪያ እንደ ቅቤ ሄደችልኝና በራሴ ኮራሁ። አደባባዩን አንዴ ዞርን፣ ወጣን፣ እንደገና ተመለስን። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ጉዱ መጣ። ከአንድ ወደ ሁለት ስትቀይር ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ከዚያ ከኋላ በርግጫ እንደተመታች ዘለለች። የአባቴ ባርኔጣ ዳሽቦርዱ ላይ ወደቀ። ከኋላችን ያለው ባጃጅ ለጥቂት ሳተን።

"እንዲህ ሆና አታውቅም" አሉ አባቴ ባርኔጣቸውን እያነሱ። "ዛሬስ ብሶባታል።"

ልተኛ ፈልጌ ነበር፤ እዚያው መሪው ላይ። ነገር ግን "ብሶባታል" የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከትናንት እስከ ዛሬ የተለወጠ ነገር ቢኖር እኔ የጨመርኩት ዘይት ብቻ ነው።

ከአደባባዩ ዳር አቆምኩና፣ ሞተሩ እየሠራ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ አየሁ። ዘይቱ ምልክቱን አልፎ ብዙ ወጥቷል። ያውም ዘይት ብቻ አይደለም፤ እንደ ሳሙና አረፋ የደፈቀ ሮዝ ነገር ነው። ዘይቱ ስለበዛ ማርሾቹ እየመቱት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት የለውም፤ ግፊት ከሌለ ካምቢዮው ማርሽ መያዝ ያቅተዋል። ይህን ለመገንዘብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ለአባቴ አሳየኋቸው። አልገረማቸውም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"እንደበዛባት።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብዱላሂ ሳውሰው፣ የዚህች መኪና ነፍሷ ቀዩ ዘይት ነው ብዬ ነግሬው ነበር። እሱም ሲመልሳት አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የተዋሰ ሰው ዕቃ ባዶ አይመልስም። ያ ወሬ ሰፈሩን አዳረሰና ከዚያ ወዲህ የወሰዳት ሁሉ ዘይት ይዞ ይመጣል፤ በገዛ እጁም ይጨምርላታል። ማታ ማታ እየቀዳሁ አስተካክላት ነበር። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ግን ከሥሯ መግባት አልቻልኩም።"

"ታዲያ አትጨምሩ አይሏቸውም?"

"ሰው በሁለት እጁ ያመጣውን መልሼ ልስደድ? ትሸጥ፤ ምን አደርጋለሁ።"

"ለእኛስ ለምን አልነገሩንም?"

"ለእናንተ ብነግር ለእነሱ ትነግሩብኛላችሁ።"

ተናደድኩባቸው። ደግሞም አሳዘኑኝ።

ጊደር መጋላ፣ ቅዳሜ

ከገበያው እህል ነጋዴዎችና ከበርበሬው አቧራ መሀል እያስነጠስኩ ትርፉን ዘይት የምቀዳበት ሰፊ የፕላስቲክ ሳህን ገዛሁ። ኸድር የሚባል የሰፈራችን መካኒክ ከሰዓት ግቢያችን መጣ። መጀመሪያ "አውቶማቲኩን አውልቀን ማንዋል እንግጠምላት፣ ትገላገያለሽ" ብሎኝ ነበር። መለኪያውን ሳሳየው አሸተተው።

"አልነደደም" አለ። "ከነደደ ውስጧ ተቃጥሏል ማለት ነበር። ይሄ አረፋ ብቻ ነው። እድለኛ ናት።"

ከሥሯ ገብተን ቡሎኑን ፈታን፣ ትርፉን አወጣን፣ አስነስተን ለካን፣ እንደገና አወጣን፤ ዘይቱ ምልክቱ ላይ እስኪቆም። ክንዴ እስከ ክርኑ ቀይ ሆነ። አመሻሽ ላይ ዳገቱን ወጣናት፤ ማርሽ መቀየሯን እንኳ በድምፅ ብቻ ነው የለየሁት። ኸድር አልሃምዱሊላህ ብሎ እጁን በቤንዚን ታጠበ።

ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ነገሩን ጨርሶ ሰማኝ።

"ጎበዝ" አለኝ። "ግን በሚቀጥለው ሰርግ ዳግመኛ ይሞሏታል። አባባ አትጨምሩ ይላል?"

ክንዴ ላይ የቀረውን ቀይ ዘይት በጨርቅ ጠረግሁ።

"እሱ ካልተናገረ ሰኞ ትሸጣለች" አለና ዘጋ። እውነቱን ነው። ያን ሌሊት ደክሞኝም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ

ሙሽራዋ በአበባ ባጌጠችው መኪና ፈረስ መጋላን ዞረች። በሰላም ሄደች፣ በሰላም ተመለሰች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አው አብዱላሂ ራሳቸው እየነዱ ግቢያችን ገቡ። ነጭ ልብሳቸው ሽቶ ሽቶ ይላል።

"ማሻአላህ፣ እንደ አዲስ ናት" አሉና ከኋላ ወንበር አንድ ጠርሙስ ቀይ ዘይት አነሱ። ኮፈኑንም ከፈቱ።

አባቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በእጃቸው ያዙኝ።

"አብዱላሂ፣ ተወው" አሉ።

"ምነው?"

"ሞልታለች።"

"ትሙላ እንጂ። ባዶ ልመልሳት ነው?"

"በዝቶባት ነው ታማ የከረመችው። ያልነገርኳችሁ እኔ ነኝ።"

አው አብዱላሂ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ። መኪናዋን አዩ፣ አባቴን አዩ። "ልትሸጥ ነው ሲሉ የሰማሁት" አሉ በመጨረሻ፣ "በኛ ምክንያት ነው?"

አው አብዱላሂ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉና መጥተው አባቴ በተቀመጡበት መደብ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ጠርሙሱን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"እንግዲያ ሌላ ጊዜ ስመጣ ምን ይዤ ልምጣ?"

"ባዶ እጅህን ና" አሉ አባቴ።

አው አብዱላሂ የጠርሙሱን ክዳን በጣታቸው ዳሰሱ። "እሱ ይከብደኛል" አሉ።

"እኔንም መናገሩ ከብዶኝ ነው የኖረው፣ ይህን ሁሉ ዓመት" አሉ አባቴ።

ተነስቼ ለሁለቱም ሻይ ላፈላ ገባሁ። ውሃው እስኪፈላ ለወንድሜ ደውዬ፣ አባባ ተናግረዋል፣ ገዢውን አሰናብቱት አልኩት። ስወጣ መሽቷል፤ ሁለቱም አልተነሱም፤ አው አብዱላሂም እሄዳለሁ አላሉም።