የቅቤ ሻጯ ጉጉት

ተኒን ትራኦሬ ስልኳን እንደ ሙሽራ ነው የምትሸሽገው። ትቆልፈዋለች፣ በሻሽ ትጠቀልለዋለች፣ ከዚያ ከሺያ ዛፍ ፍሬ ከሚወጣው ቅቤዋ ቅል ሥር ትወሽቀዋለች። ባሏ እንኳ ነክቶት አያውቅም። እኔም እዚህ ማሊ፣ ሴጉ ገበያ ጎኗ ተቀምጬ ደረቅ ዓሣ ስሸጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ውስጡን አላየሁትም።

ታዲያ ይቺው ሴት ፌስቡክ ላይ «የገበያዋ ጉጉት» በሚል የወፍ ስም ስትጽፍ አገር ያነባታል! የገበያው ሴቶች አለቃ ሳናባ ዲያራ የዛፉን ጥላ ለዘመዶቿ አድላ እኛን ፀሐይ ላይ እንዳሰጣችን ጻፈች። የእኔ ዓሣ ፀሐይ ይወዳል፤ የተኒን ቅቤ ግን ቀትር ሳይደርስ ዘይት ይሆናል። ሳናባ በንዴት ጦፈች።

«ጉጉቷን ያገኘኋት ቀን ከዚህ ገበያ ትነቀላለች!»

«ተይ ተጠንቀቂ» አልኳት ተኒንን።

«ስልኬ ተቆልፏል፤ ማን ያየኛል?»

«አንቺ ጅል! ቁልፍ የሚበጀው ቤትሽን ዘግተሽ ለምታወሪው ነው። አንቺ እኮ ጭምብል አጥልቀሽ አደባባይ እየጨፈርሽ ነው። ጨፋሪን ደግሞ ባረማመዱም ያውቁታል።»

«ሂጂ እቴ፣ ዓሣሽን አገላብጪ!»

አመል መቼ ይለቃል! በማግስቱ ጉጉቷ፣ «ዲያራዎች ጥላ የያዙት ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቦሎቄ እንዳይፈላባቸው ነው» ብላ ጻፈች። ወይኔ ተኒን! እኛ ዘንድ ዲያራን በቦሎቄ በላተኛነት የሚደፍር ትራኦሬ ብቻ ነው። የሁለቱ ዘር ወግ ነው፤ ሲሰዳደቡ መቀየም ነውር ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣነው መካከል ደግሞ ትራኦሬ እሷ ብቻ ናት።

ሳናባ እየሳቀች መጣች።

«አንቺ የትራኦሬ ሆዳም! ስለ ቦሎቄው አልቀየምሽም፣ ወግ ነው። የጥላውስ ነገር? እሱም ቀልድ ነው?»

«አዎ ቀልድ ነው» ብትል ቦታዋ ይተርፍላታል። በይው፣ በይውና እንገላገል እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

ተኒን ተነሳች። «ቦሎቄው ቀልድ ነው። ጥላው እውነት ነው። የጻፍኩትም እኔ ተኒን ነኝ።»

ሳናባ አፏን ከፈተች። ቃል ሳታወጣ ግን ሴቶቹ «እውነት ነው!» እያሉ ተንጫጩ፤ እኔማ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኽኩ።

ሳናባ ያን ሁሉ ሴት ልትነቅል አልቻለችም፤ ዛሬ ጥላው በየተራ ነው። ተኒንም በገዛ ስሟ ትጽፋለች፤ ስድቧ ደግሞ ብሶባታል። ትናንት ደፈር ብዬ፣ «ከእንግዲህ ምን ትደብቂያለሽ፣ እስቲ ስልክሽን ልየው» አልኳት።

«ምን አገባሽ?» አለችና ቅሉ ሥር ወሸቀችው።