ለማኅሌት ሠርግ ቀይ ፍለጋ ወደ ሐረር

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ አዳማ

የዚህ ጉዞ ምክንያት የገዛ ምላሴ ነው። ከጥምቀት በኋላ የምትዳረው ልጄ ማኅሌት የሠርጓ አዳራሽ በአንድ ቀለም ዙሪያ እንዲያጌጥ ወስና ነበር። ቀለሙ በስልኳ ካየችው የሐረር ቤት ፎቶግራፍ የመጣ፣ ሸክላ የመሰለ ቀይ ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት ሐሳቧን ስታስረዳ እኔ መሐል ገብቼ «ይህ ሠርግ ነው ወይስ የቤት ዕድሳት?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ ባለሁበት ስለ ሠርጉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ዝምታው ሁለት ሳምንት ሲሞላው አልቻልኩም። «ቀለሙን ከቦታው ሄጄ አመጣልሻለሁ» አልኳት። አየት አድርጋኝ «ስልክ ላይ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ትክክለኛውን ካገኘህልኝ ጥሩ ነው» አለችና የወንበር መቀነቶቹንና የጠረጴዛ ልብሱን ልክ ጽፋ ሰጠችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በግዥ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ናሙና ሳላመሳክር ዕቃ ተረክቤ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ የሚያውቅበት ሰው እጅ ገብቷል ብዬ፣ ማስታወሻ ደብተሬን በኮቴ ኪስ ከትቼ ተሳፈርኩ።

በመንገድ ላይ

አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በረታ። ሜኤሶ ላይ መኪናው ሲቆም ሴቶች የግመል ወተት በጄሪካን ይዘው መስኮቱን ከበቡት። አንዷ ብርቱካንማ፣ አንዷ ሐምራዊ፣ አንዷ የሎሚ ቅጠል የመሰለ ሻሽ አድርገዋል። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የሻሽ ቀለም ስመዘግብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ የሒርና ገበሬ ደብተሬን ሰረቅ አድርጎ አይቶ «ሻሽ ነጋዴ ነህ እንዴ?» ቢለኝ «የሙሽራ አባት ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው ፈጣሪ ይርዳህ» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ጭሮ ላይ የገና ጾም ስለሆነ ሽሮ በላሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጣ። የማሽላው ራስ ደርሶ ኮረብታው ሁሉ የዛገ ብረት መስሏል። ቁልቢንና ሐረማያን አልፈን፣ አወዳይ ላይ የጫት መኪኖች መንገድ ዘግተውብን ጥቂት ከቆየን በኋላ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሐረር ገባን።

ሸዋ በር ላይ የቀድሞ ባልደረባዬ ግርማ ጠበቀኝ። ሐረር ተወልዶ ያደገና ከጁገል ግንብ ውጭ የሚኖር፣ ሳይተርብ የማይውል ሰው ነው።

«በቀለ፣ ለአንድ ቀይ ይህን ሁሉ መንገድ? አዳማ በርበሬ ጠፋ?» አለኝ ገና ሳንጨባበጥ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ጁገል ውስጥ

ቁርሳችንን ፉል በልተን በበሩ ገባን። ፈረስ መጋላ ካሉት የጨርቅ ሱቆች ከስምንት ዓይነት ቀይ ጨርቅ የጣት ያህል ናሙና አስቆርጬ እያንዳንዱን ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያ በጠባቧ መንገድ ወርደን የግርማ ባለቤት የረጅም ጊዜ ወዳጅ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ቤት ሄድን። እሳቸውም በቀጣዩ ሳምንት ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ። ለሠርጉ ሲባል ነደባው፣ ማለትም ቤተሰቡና እንግዳው የሚቀመጥበት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ፣ እንደገና ቀይ አፈር እየተቀባ ነበር። ብዙ ቤት ዛሬ የዘይት ቀለም እንደሚቀባ፣ እሳቸው ግን አፈሩን እንዳልተዉ ግርማ ቀድሞ ነግሮኛል።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ግድግዳው ነጭ ነው። በነጩ ላይ ከላይ እስከ ታች የሣር ስፌት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ቀዩ ነደባ አለ። ሌላ ጌጥ የለም፤ አያስፈልግምም። ልጄ ያን ፎቶግራፍ ለምን ደጋግማ እንደምታየው በዚያች ደቂቃ ገባኝ፤ አፈርኩም።

«ለልጅዎ ሠርግ የእኛን ነደባ ሊወስዱ ነው የመጡት አሉ» አሉኝ ወይዘሮ ሰዓዳ።

«ቀለሙን ብቻ ነው፣ እሜቴ።»

«ማሻአላህ! ቀለሙን ከወሰዱት እኛ የት ልንቀመጥ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ቁጢም ቀረበልን። ቁጢ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ከወተት ጋር የሚጠጣ ነው።

ስፌቶቹን ስቆጥር በስተቀኝ ያሉት ዘጠኝ፣ በስተግራ ያሉት አሥራ አንድ ሆኑብኝ። አንዱም ከሌላው በመጠን አይገጥምም። ይህ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው በጣታቸው እያሳዩ «ይህን እናቴ ሰፋችው። ይህን እህቴ። ይቺ ጠማማዋ የአማቴ ናት፣ አላህ ይማራት። ከሌሎቹ አልገጠምሽም ብዬ ላባርራት?» አሉኝ። ግርማ በሳቅ ቁጢው ትን አለው። እኔም በደብተሬ «ስፌት፤ ባይመሳሰልም ይሰቀላል» ብዬ ጻፍኩ።

እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ ስምንቱን ናሙናዎች አሁን ከተቀባው ነደባ ጠርዝ አስጠግቼ አንድ በአንድ አየሁ። ቁጥር ሦስት፣ ወደ ጥቁረት የሚያደላው፣ ልክክ አለ። «ቁጥር 3፤ ተስማምቷል» ብዬ መዘገብኩ። አፈሩን የምትቀባው የወይዘሮ ሰዓዳ የእህት ልጅ ነጂባ እጇን እንደነከረች ቀና ብላ «ነገ ይምጡና ይዩት» አለችኝ። ለእንግዳ ክብር ያለችው መስሎኝ «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ፣ ጊዜ ያጥረኛል» አልኳት።

ከቀኑ 9 ሰዓት፤ መኪና ግርግር

ይህች መንገድ በስፌት መኪኖቿ ድምፅ የተጠራች ናት። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እግረኛው በመካከላቸው ይሹለከለካል። ሙክታር የሚባል ልብስ ሰፊ ከፈረስ መጋላ የገዛሁትን ቁጥር 3 ጨርቅ ዘርግቶ መቀሱን አነሣና ቆም አለ።

«ይቆረጥ?»

«ይቆረጥ።»

«ሙሽራዋ አይታዋለች?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«አባት አይቶታል!» አለ ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ። «እኔ ሚስቴን ሳላማክር አንድ ሻርፕ ገዝቼ፣ ወላሂ፣ ይኸው ሦስት ዓመት እሰማለሁ።»

ረድፉ በሙሉ ሳቀብኝ። በናሙና የማይሠራ ሰው እንዲህ ነው ብዬ በልቤ አዘንኩለት። ሠላሳ ስድስት ሜትር ጨርቅ ተቆርጦና ጠርዙ ተሰፍቶ ማታ ከመግባቴ በፊት ተረከብኩ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ለስንብት አንድ ኪሎ ሐሉዋ ይዤ ከግርማ ጋር ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ቤት ተመለስኩ። ገና ከበሩ ስገባ ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ነደባው ሌሊቱን ደርቆ ገርጥቷል፤ የትናንቱ ጥቁር ቀይ የለም። ፎቶግራፉ ላይ ያለው፣ ልጄ የምትፈልገው ቀይ ይህኛው ነው። የያዝኩት ከረጢት ግን በሙሉ የእርጥብ አፈር ቀለም ነው።

ግርማ ነደባውንም ከረጢቱንም አየና «ሚጥሚጣ ተልከህ በርበሬ ገዛህ» አለኝ።

«ትናንት ነገ ይምጡ ብዬዎት ነበር እኮ» አለች ነጂባ በትሕትና።

ጨርቁ ተቆርጧል፤ የሚመልሰው የለም። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ ልጄ በአንድ ነገር ብቻ አምናኝ እሱንም ማበላሸቴ ነው። መጀመሪያ ሰው አስቄባታለሁ፤ አሁን ደግሞ ሳልጠይቃት አስቆረጥኩ።

ወይዘሮ ሰዓዳ አንዱን መቀነት ከእጄ ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ማዕዘን ወሰዱኝ። በዚያ በኩል ያለው ነደባ ገና አልተቀባም። መሐሉ እንደኔ ጨርቅ ጠቁሯል።

«እዚህ ላይ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦበታል» አሉኝ። «አፈር አዲስ ተቀብቶ ሲደርቅ ይገረጣል። ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚጠቁረው። ለሰው መቀመጫ ከሆነ ቀለምዎ አልተሳሳተም። ግን እኔን ትተው ለልጅዎ ይደውሉላት።»

ወደ ግቢው ወጥቼ፣ ከግንቡ በላይ ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ እያየሁ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ተሳስቻለሁ። ጨርቁ ተቆርጧል።» ከዚያ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንደ ሪፖርት በቅደም ተከተል ነገርኳት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሳይደርቅ አመሳከርክ?»

«አዎ።»

«አንተ?» አለችና ሳቋ ፈነዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቋ ነው። ያዘነችብኝንም ነገረችኝ። «የዚያን ቀን በጣም ነው ያፈርኩት፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።»

የጨርቁንና የደረቀውን ነደባ፣ የሁለቱን ቀይ ፎቶግራፍ በበሩ በሚገባው ብርሃን አንሥቼ ላክሁላት። አይታ «አንተ ብትሆን የቱን የት ታደርገዋለህ?» አለችኝ። በሠርጉ ጉዳይ አስተያየት ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ በጥንቃቄ መለስኩ።

«ጥቁሩን ሰው የሚቀመጥበት ላይ፤ ወንበሩና ጠረጴዛው። ገርጣ ያለውን ከመድረኩ ሥር ብቻ። ከኋላችሁ ያለው ግድግዳ ነጭ ይሁን፤ በእሱ ላይ የአክስቶችሽ ሰፌድና የመሶብ ክዳን ይሰቀል። ባይመሳሰልም።»

«ባይመሳሰልም? ይህን ያልከው አንተ ነህ?» አለች።

ለመድረኩ የሚሆነውን ገርጣ ያለ ቀይ ከፈረስ መጋላ ገዛሁ። ይህኛውን ግን ከደረቀው ነደባ ጋር አመሳክሬ፣ ናሙናውንም በፎቶግራፍ ልኬላት፣ «ይቆረጥ» ስትል ነው ያስቆረጥኩት። ሙክታር ስልኩን በእጄ ሲያይ «አሁን ተማርክ» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ አዳማ

ቤት ስደርስ ማኅሌት ከረጢቱን ሳሎን መሐል ዘረገፈችው። ሁለቱን ጨርቆች አንዱን በአንዱ ላይ እያጠፈች ብዙ አየቻቸውና የሠርጉን ደብተር ከፈተች። በአንዱ ገጽ የቤተሰቡ ስም ተዘርዝሮ ከየስሙ ፊት የሚለብሰው ቀለም ተጽፏል፤ የእናቷ፣ የሚዜዎቿ፣ የአክስቶቿ። «አባዬ» ከሚለው ፊት ምንም የለም። ያን ገጽ እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር።

ከጥቁሩ ቀይ የተረፈ ቁራጭ አንሥታ «ለከረባት ይበቃል» አለች። «ና ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቁም፤ የቤት ውስጥ ብርሃን አይታመንም።»

ጎረቤቶች እያዩን በግቢው መሐል አቆመችኝ። ጨርቁን ደረቴ ላይ አድርጋ ቀረበች፤ ራቅ ብላም አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት ናሙና የፈተሽኩ ሰው በተራዬ ናሙና ሆኜ፣ እስክትጨርስ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። አልቸኮለችም። ከዚያ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከስሜ ፊት ቀለሙን ጻፈች።