በአበልጅ መሃል ጠበቃ

እትዬ ውብአየሁ ሰው የማያስቸግሩ ሰው ናቸው። ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ አንጥፈዋል። በረዶ ወርዶ አውቶቡስ ሲቆም እንኳ በእግራቸው ይሄዳሉ እንጂ ለማንም አይደውሉም። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ነጂ ብሆንም ሰፈራችን ሬኒየር ቫሊ ውስጥ የምታወቀው በፎርም ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የኢንሹራንስ ቅጽ፣ ሁሉንም እሞላለሁ። "ኢሳይያስን ጠይቁት" ሲባል ደስ ይለኛል። ጉድ የሠራኝም ይኸው ደስታ ነው።

እትዬ ቤት ልግዛ ያሉት ለራሳቸው ብለው አልነበረም። እህታቸው ልዕልት ስትሮክ ከመታት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው፤ የእትዬ አፓርታማ ደረጃ ስላለው ሦስት ዓመት ሙሉ መንከባከቢያ ቤት ተቀምጣለች። ስለዚህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከመንገድ ጋር እኩል የሆነ፣ ዊልቸር የሚያስገባ ክፍል ያለው ቤት። በዚህ ዳገት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም።

አበልጄ ሙላቱ ቤቱን ሊሸጥ መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የሙላቱን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከወንድም አላንሰውም። ወደ ቤቱ ለመግባት አሥራ አራት ደረጃ ይወጣል። ከሥሩ ግን ድሮ ጋራዥ የነበረ፣ ከሙላቱ በፊት የነበረው ባለቤት መኝታ ቤት ያደረገው ክፍል አለ። እትዬ ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ።

"አልጋዋ እዚህ ጋ ይሆናል" አሉ።

ከተዋወቅን ምን ያደርጋል ብለን ደላላ አላስገባንም። ውሉን እኔው ሞላሁት። ሊፈርሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው እትዬ ስልክ ደወሉልኝ።

"ኢሳይያስ፣ ከመፈረሜ በፊት ለጠበቃ ባሳየውስ?"

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። "እንዴ እትዬ! በአበልጅ መሃል ጠበቃ ምን ይሠራል? ተጣላን እንዴ?"

"ልክ ነህ፣ ይቅር" አሉ።

እኛ ዘንድ ጠበቃ የሚያዘው ሰው ለመክሰስ ነው። ሳይጣሉ ጠበቃ ጋ መሄድ ሻጩን ሌባ ነህ እንደማለት ይቆጠራል። ሙላቱ ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ ነበር የፈራሁት።

በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ ሙላቱ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን የሞላበትን ቅጽ ይዞ መጣ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን "አዎ"፣ "አይደለም"፣ "አላውቅም" የሚል ሳጥን አለ። እየተረጎምኩ ሳነብላቸው አንዱ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፦ ቤቱ ላይ ለተደረገው ለውጥ የከተማው ፈቃድ ወጥቷል ወይ? ሙላቱ "አላውቅም" ላይ ምልክት አድርጓል። አየሁት። ልቤም ጥርጥር አለው። ግን ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ምን ብዬ ልጠይቀው? ያን መስመር ሳልተረጉም ገጹን ገለጥኩ። "የቀረው ፎርማሊቲ ነው" አልኳቸው። እትዬም አምነውኝ ፈረሙ።

ቤቱን ከተረከቡ በኋላ ዊልቸሩ እንዲገባ የመታጠቢያ ቤቱን በር ለማስፋት ፈቃድ ጠየቅንላቸው። የከተማው ሠራተኛ መዝገቡን አይቶ፣ "እኛ ጋ ይሄ ጋራዥ ነው" አለ። መጥቶ ጣሪያውን ለካ፤ ዝቅ ያለ ነው። በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መስኮትም የለውም። ሰው እዚያ መተኛት አይችልም አለ። ለማስተካከል ክፍሉን አፍርሶ መሥራት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከእትዬ አቅም በላይ ነው። መንከባከቢያ ቤቱም ልዕልትን ወደዚያ ክፍል አልለቅም አለ።

ያኔ ጠበቃ ጋ ሄድን። ኖላዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቢሮዋ ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ነው። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ሻጩ አልዋሸም፣ አላውቅም ነው ያለው" አለች። "ሶ፣ እሱን መክሰስ በጣም ከባድ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ብትመጡ ሲቲውን ኮል አድርጌ በአንድ ቀን አጣራላችሁ ነበር። ከፈረማችሁም በኋላ ይሄ ፎርም በእጃችሁ ከገባ ጀምሮ ሦስት የሥራ ቀን ነበራችሁ። በዚያ ውስጥ ኮንትራቱን ካንስል ማድረግ ይቻል ነበር።"

ከዚያ የእትዬን ስም ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችና ቀና ብላ አየቻቸው።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ እዚህ አሉ። ማክሰኞ ደውለው ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ካንስል አድርገዋል።"

ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነበር።

ከቢሮው እንደወጣን፣ "ለምን ሰረዙት?" አልኳቸው።

"አንተ ስንት የደከምክበትን ወረቀት ለሌላ ሰው ላስመረምርብህ? ብትሰማ ቅር ይልሃል ብዬ ነዋ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ለሙላቱ፣ እሳቸው ለእኔ ስንጨነቅ፣ ለልዕልት የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ዝም ብዬ ቤቴ ብገባ ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልቻልኩም።

"እትዬ፣ እኔ አይቼው ነበር" አልኩ።

"ምኑን?"

"'አላውቅም' የሚለውን። ሳይፈርሙ በፊት አይቼው ዘለልኩት። ሙላቱን ላለማስቀየም ብዬ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሰድቡኝም ፈለግኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "እንግዲያው ለልዕልት አንተ ንገራት" አሉ። "እኔ አልችልም።"

ቅዳሜ ሄድኩ። እትዬ እንደምመጣ ነግረዋታል፤ ለምን እንደምመጣ ግን አልነገሯትም። ልዕልት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሁለት ፌስታል ልብስ ጭኗ ላይ ይዛ በሩ ጋ ተቀምጣለች። ገና ስታየኝ ፊቷ በራ።

"ኢሳይያስ፣ መኪናውን የት ፓርክ አደረግከው?" አለችኝ።