ወላጅ አምጪ

ከአንድ ወር በፊት፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆሙ፣ ቀና ብዬ መልካቸውን ሳላይ አፍንጫዬ አወቃቸው። ኮታቸው ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ያ ሽታ ድሮ በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርስ ነበርና፣ ገና ሲሸተን ነበር ሳቃችንን ውጠን ወደየክፍላችን የምንገባው። ለጡረታቸው የጎደለ የአገልግሎት ማስረጃ ሊያወጡ መጥተው ነው፤ የነባር ሠራተኞችን መዝገብ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። «ልጄ፣ እባክሽን እርጂኝ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ደሜን አፈላው። በአፌ አንቱ አልኩ፣ ወንበርም ሳብኩ፤ እዚህ ግን «እሱ» ልበለው፣ ይህችን ታህል መብት አለኝ።

ዳይሬክተራችን ነበር።

እኔና ጥሩዬ በከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። እኔ ከቅርብ ገጠር ስለመጣሁ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄጄ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ እሷ ግን አገሯ ስማዳ ቆላ በመሆኑ ስንቅ የምታገኘው በወር አንዴ፣ ያውም አህያ የሚነዳ ዘመድ ከተገኘ ነው። በወሩ መጨረሻ የእኔን ድርቆሽ በውኃ አርሰን፣ በርበሬ ነስንሰንበት እንካፈላለን። እሷ በምላሹ ፊዚክስ ታስረዳኛለች፤ ድርቆሹን ያሰላችው እንደሆነ በልውውጡ የከሰረችው እሷ ነበረች። የክፍላችንን አምፖል ለመቆጠብ በር ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ እስክትወርድ ስታነብ አሁንም ትታየኛለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል በገባን ዓመት በጀት ተቀነሰ ተባለና የፊዚክሱና የኬሚስትሪው መምህራን ሲሄዱ ምትክ ሳይመጣ ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ መዋጮው እጥፍ ሆነ። በማስታወቂያው ላይ «በፈቃደኝነት» ይላል፤ ከሥሩ ያልከፈለ ተማሪ ክፍል አይገባም ይላል። እኛም ባንዲራ ከወጣ በኋላ ሜዳው ላይ ቁጭ አልን። አንድ ቀን ተቀመጥን፣ ሁለት ቀን ተቀመጥን፤ ማንም የጠየቀን የለም። በሦስተኛው ቀን ጥሩዬ ቅኔ ቤት ከሚማር የአክስቷ ልጅ የሚለምንበትን አኮፋዳ ተውሳ መጣች፤ አንገቷ ላይ አጥልቃ ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆመችና እንደ ቆሎ ተማሪ ድምጿን አለስልሳ «በእንተ ስማ ለማርያም፣ ስለ መዋጮው» አለች። ሜዳው በሙሉ ተቀበላት። መምህራኑ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እሱ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ አያት፣ አኮፋዳዋንም አየ። ተቃውሞውን ይረሳው ይሆናል፣ ያን ሳቅ ግን አልረሳውም።

በማግስቱ ከፊት የተቀመጥነውን ስምንት ልጆች ለይቶ «እስከ ዓርብ ወላጅ አምጡ» አለን። ወላጅ አምጡ ማለት ለከተማ ልጅ ቁጣ ነው፤ ለእኛ ለገጠሮቹ ግን ወላጅ መከራየት ማለት ነበር። አውቶቡስ ተራ ጋሽ ሞላ የሚባሉ ተሸካሚ ነበሩ፤ ደብረ ታቦር የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ የብዙ ተማሪ አባት ሆነው ያውቃሉ። ስሜን፣ ክፍሌን፣ የክፍል ኃላፊዬን አስጠናኋቸው። ቢሮው ገብተው እንደ ውኃ አንበለበሉት፤ ከራሳቸው ጨምረውም በአለንጋ ሊገርፉኝ ተነሡና ዳይሬክተሩ ራሱ ገላገለኝ። እኔ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ሞላ ግን በዚያው ሳምንት በዚያው ካፖርት ለሦስተኛ ልጅ አባት ሆነው ሲመጡ ተነቃባቸው፤ እኔም ያለፍኩት በእሳቸው መሆኑን ግን ያስተዋለ አልነበረም።

ጥሩዬ ውሸቱን አልፈልግም ብላ ወደ አገሯ ልካ ነበር። አባቷ አያ ደሴ አውድማቸውን ጥለው፣ ከእነ እብቃቸው ዓርብ ከሰዓት ደረሱ። በመስኮት አያለሁ። ዱላቸውን ከበሩ ውጭ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ፣ ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?» አላቸው።

አያ ደሴ አሰቡ። «ክፍሉንስ እንጃ ጌታዬ። ልጄነቷን ነው የማውቀው» አሉ።

ሳቀ። «ይሄኛውንስ ማስጠናትም አልቻላችሁ» ብሎ ወደ እኛ ወደ መስኮቱ ተመለከተና፣ ስሟን ከመዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ ሰረዘው። ያስጠናሁት አባት ፈተናውን አለፈ፣ የወለዳት አባት ወደቀ። ገብቼ «አባቷ ናቸው» ማለት እችል ነበር፤ የእኔም እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። አያ ደሴ ዱላቸውን አንሥተው፣ ስልቻዋን ተሸክመውላት ይዘዋት ሄዱ። በጥር ዳሯት።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ ዕለት ማስረጃውን እዚያው ጻፍኩለት፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁበት፤ እያየ መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። «አኮፋዳ አንገቷ ላይ አድርጋ በርዎ ላይ የቆመች ልጅ ነበረች። ስሟን ይዘው ይምጡ» አልኩት። ብዙ አሰበ። «ስንቱን አባርሬ ስንቱን ላስታውስ፣ ልጄ» አለኝ። «እስከ ዓርብ» አልኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሲወጣ በመስኮት ተከተልኩት። ከቢሯችን በር ማዶ ነጭ ሽንኩርት ከምትሸጥ ሴት ፊት አጎንብሶ ተከራከረ፤ ከመዘነችለት በኋላም «መርቂልኝ እንጂ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጥሩዬ ሁለት ራስ መረቀችለት።

ምሳ ሰዓት ላይ ተሻግሬ ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት። «አጣሁት እንዴ? ደንበኛዬ ነው። ሴትዮ ነው የሚለኝ» አለች። ማስረጃውን እንደያዝኩበት ስነግራት ሽንኩርቷን መደርደሯን ሳታቋርጥ «ስጪው ይሂድ። ሽማግሌ ደጅ አታስጠኚ» አለችኝ።

እሷ ብትተውለት ያምርባታል፤ አባቷ የእውነት ነበሩ። እኔ በኪራይ አባት ያለፍኩት፣ የእሷ መሆን የነበረበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው፤ ምሕረት ማድረግ ከእኔ አይወጣም። ወረቀቱ እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሦስት ዓርብ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ሦስቱንም ዓርብ ሲመለስ ሽንኩርት ገዝቷል። አንድ ቀን እንኳ «ስምሽ ማነው?» ቢላት ይበቃው ነበር።